የቤጊማይ ተራ

ናሪን በተባለችው የኪርጊዝ ከተማ ለተወደደ እንግዳ ሻይ የሚቀዳው እስከ ስኒው ግማሽ ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ምራቲቱ ደግማ ትቀዳለች፣ እንግዳውም ይቆያል። እስከ አፉ የሞላ ስኒ ጠጣና ሂድ ማለት ነው። አፓ ካሊፓ ይህን ለምራታቸው ለቤጊማይ ሲያስተምሯት ጣታቸውን በስኒው ወገብ ላይ አሳርፈው፣ "እዚህ ድረስ፣ ልጄ። ከዚህ ካለፈ ሰው አስቀየምሽ" ብለዋት ነበር። ካገባች አሥራ አራት ወሯ ነው። አንድም ቀን ከዚያ አላሳለፈችም።

እሑድ እሑድ ጠዋት የባሏ ታላቅ ወንድም ቱራርበክ ከኮምፒውተር ክለቡ አራት ማሽን በመኪናው ጭኖ ይመጣል። ክለቡ እሑድ ዝግ ነው፤ የእናቱ ቤት ደግሞ ይሞቃል። ማሽኖቹ ከከሰል ምድጃው አጠገብ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በዕድሜ ተራ ይደረደራሉ። ከበሩ ርቆ የክብር ቦታው ላይ ቱራርበክ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ባሏ ታላይ፣ ቀጥሎ የአሥራ ሰባት ዓመቷ እህታቸው አይፔሪ። ቤጊማይ በሩ ጥግ ናት፤ ብርዱም ከኋላዋ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውም በእጇ።

የሚጫወቱት ለውድድር ነበር። በጨዋታው ዓለም አርባ ቀን በረዶ ይወርዳል፤ በየእሑዱ አሥር አሥር ቀን፣ አራት እሑድ። በአርባኛው ቀን እሳቱ ሳይጠፋ ላደረ ቤት፣ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ያሉት አዘጋጆች አንድ ኃይለኛ ኮምፒውተር ይሸልማሉ። ሽልማቱ የሚሰጠው እሳቱን ለለኮሰው ሰው፣ በስሙ ነው። በጨዋታው የሞተ አይመለስም።

ቱራርበክ ገና ሲመዘገቡ፣ "ካሸነፍን ኮምፒውተሩ ያንቺ ነው፣ ኬሊን" ብሏት ነበር። ምራቶችን ሁሉ ኬሊን ነው የሚላቸው። "እኔ ክለብ ሙሉ ማሽን አለኝ፤ ምን ያደርግልኛል?"

ይህን ቃል ቤጊማይ እንደ ዕቃ አስቀምጣዋለች። ያገባችው የሕንፃ ንድፍ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት ነው። አንድ የንድፍ ቢሮ ከቤቷ ሆና ብትሠራለት ደስ እንደሚለው ጽፎላታል። ያላት አሮጌ ላፕቶፕ ግን የንድፉን ፕሮግራም ክፈት ሲሉት እንደ ሽማግሌ አስሎ አስሎ ይጠፋል።

ጨዋታውን ታውቀዋለች። የተማሪዎች መኖሪያ ሳለች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ስንት ጊዜ ቀዝቅዛ እንደሞተች እሷ ናት የምታውቀው። በጨዋታው ውስጥ ከፍርስራሽ ቤቶች አሮጌ ዕቃ ሲለቀም ነጥብ ይጠራቀማል፤ ነጥቡ ሲሞላ አንድ ሙያ ይከፈታል፤ ምድጃ መሥራት፣ ቆዳ ማልፋት፣ ሥጋ ማድረቅ፣ ኮርቻ፣ ጠመንጃ። ሁሉን መክፈት አይቻልም፤ አርባ ቀን አይበቃም። ስለዚህ የሚያኖረውም የሚገድለውም የትኛው ይቅደም የሚለው ነው። ቤጊማይ ተራውን በደብተሯ ላይ ጽፋ መጣች። አንደኛ ምድጃ፣ ሁለተኛ ቆዳ፣ ሦስተኛ ሥጋ ማድረቅ።

በመጀመሪያው እሑድ ነጥቡ ሲሞላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ባይኬ፣ ምድጃውን ብናስቀድመው ምን ይመስልዎታል?" አለች። ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም። "ከሠላሳኛው ቀን በኋላ ደጅ የሚነድ እሳት አያድርም።"

ቱራርበክ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሳቀ። "ኬሊን፣ በግ ሲታረድ ዳሌው ለማን ነው?"

"ለታላቅ።"

"ነጥብም ሥጋ ነው። ኡስቱካኑን፣ የሥጋውን ድርሻ፣ እኔ አካፍላለሁ፤ ለየሰው እንደ ዕድሜው። አንደኛው የኔ፣ ሁለተኛው የታላይ፣ ሦስተኛው የአይፔሪ፣ አራተኛው ያንቺ። ያን ጊዜ ምድጃሽን ታነጃለሽ። ማን ይቀማሻል?"

ጠመንጃ ከፈተ።

"ባሩድስ?" አለች ቤጊማይ። "ባሩድ ለብቻው ነው የሚከፈተው።"

"ይመጣላ! ጠመንጃ ያለው ሰው ባሩድ አያጣም።"

ከሁለት ሰዓት በኋላ የታላይ ተራ ሆነ። ታላይ ጀርባውን ለሚስቱ ሰጥቶ ኮርቻ ከፈተ።

"ኮርቻ?" አለች።

"ፈረስ የሌለው ኪርጊዝ ምን ይባላል?"

"እግረኛ" አለች አይፔሪ፤ ወንድማማቾቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ቤጊማይ ተነሥታ ሻይ ቀዳች፣ እስከ ስኒው ግማሽ።

በሁለተኛው እሑድ የአይፔሪ ተራ ደረሰ። አይፔሪ ትንሽ አመነታችና የወንድሟን ሚስት፣ "ጄኔ፣ አትቆጪኝ" ብላ የስጋጃ ማቅለሚያ ከፈተች። ቤታቸው ቀይና ሰማያዊ በሆነ የበግ ቀንድ ጥለት አማረ። አፓ ካሊፓ እንኳ የሚያፍታቱትን ሱፍ ትተው ሊያዩት መጡ። "ይሄ ደግ ነው። የኔም እናት እንዲህ ነበር የምትሠራው" አሉ። በኮምፒውተሩ ሰሌዳ ማዕዘን ላይ የሙቀቱ መጠን የሚቆጠርበት ቁጥር አንድ ወረደ። ከቤጊማይ በቀር ያየው አልነበረም።

ሳምንቱን ሙሉ ተራዋን ስታሰላ ሰነበተች። ድስት ስታጥብ፣ ከሰል ስትቆሰቁስ፣ ለባሏ ካልሲ ስታሰጣ። ለታላይ አንድ ምሽት፣ "እሑድ ተራዬ ነው" ብላው ነበር። "አዎ፣ ያንቺ ነው" አላት። "ባይኬ ቢያስቸግሩ አንተ ትናገራለህ?" "ምን ያስቸግራል?" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። በጨዋታው ሃያ አንደኛው ቀን ነው። የመጨረሻውን ዕቃ ከተቀበረ ጎተራ ውስጥ ቆፍራ ያወጣችው ቤጊማይ ናት፤ ነጥቡ ሞላ። ደብተሯን ገልጣ አጠገቧ አስቀመጠች።

"በሉ" አለ ቱራርበክ፣ እጆቹን እያፋተገ። "ባሩዱን እንክፈት።"

"ተራው የኔ ነው፣ ባይኬ።"

"ማን አይደለም አለ? ያንቺ ነው። ላንቺ ባሩድ እንከፍትልሻለን።"

አይፔሪ ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች። ቤጊማይ ወደ ባሏ ተመለከተች። ታላይ ከቀዘቀዘ ቆይቶ የነበረውን ሻይ እፍ እፍ ይላል።

"ቃል ገብተውልኝ ነበር" አለች።

"ሥጋ ለምራት ሲደርስ ለቤቱ ደረሰ ማለት ነው። ጠመንጃው ያለ ባሩድ ዱላ ነው። ዱላ ይዘን ድብ ጋ እንሂድ?"

"ጠመንጃውን የከፈቱት እርስዎ ነዎት። በግ ሲታረድ የኔን ድርሻ ከሳህኔ አንሥተው በልተው ያውቃሉ?"

አፓ ካሊፓ ከምድጃው አጠገብ ቀና አሉ።

"ሰማችሁ?" አለ ቱራርበክ፤ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። "ኬሊናችን አፍ አወጣች! ደግ ነው፣ ደግ ነው። አይዞሽ፣ ኮምፒውተሩንም ስናገኝ አንረሳሽም። ክለቡ ውስጥ ጥሩ ቦታ አስቀምጠዋለሁ፤ ደንበኛ በሌለበት ሁለት ሰዓት በነጻ ትሠሪበታለሽ።"

"ክለቡ ውስጥ?"

"እዚህ ብናስቀምጠው ማን ምሳ ሊሠራ ነው?"

ንዴቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣ። ጉልበቷ ላይ ደረሰ፣ ሆዷ ላይ ደረሰ፣ ጆሮዋን አጋላት። አሥራ አራት ወር ሙሉ በሩ ጥግ የጠጣችው ብርድ ሁሉ እሳት ሆነባት። ልትጮህ ትችል ነበር፤ ግን ጮኻ አታውቅም፣ እንዴት እንደሚጀመርም አታውቅም። ጣቷ ብቻ ተንቀሳቀሰ። የጨዋታው ሕግ ከማኅበሩ የሚወጣ የነጥብ ድርሻውን ይዞ ይወጣል ይላል፤ የወጣ ግን አይመለስም። ቱራርበክ ባሩዱን ሊከፍት የማውሱን ቀስት እያስጠጋ ሳለ እሷ መውጫውን ተጫነች።

በአራቱም ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ቤጊማይ ከማኅበሩ ወጥታለች። ድርሻዋን ወስዳለች።

"ነጥቡ ጎደለ!" አለ ቱራርበክ። "ባሩዱ አልከፈት አለኝ! ምን አደረገች?"

"ቤጊማይ፣ ምን አደረግሽ?" አለ ታላይ።

"ምን ሆነ?" አሉ አፓ ካሊፓ።

"ጄኔ ከቤት ወጣች፣ አፓ" አለች አይፔሪ።

"የት ወጣች? ይኸው ተቀምጣ አይደል እንዴ!"

ማንም አልሳቀም። ቤጊማይ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳታነሣ በበረዶው ውስጥ ሄደች። ሩብ ድርሻ ምድጃ አይከፍትም፤ የቀረውን ብቻዋን መልቀም ነበረባት። አንድ የውሃ ወፍጮ ፍርስራሽ አገኘች፤ አንድ የእረኛ ጎጆ አገኘች። ሁለት ጊዜ ልትቀዘቅዝ ደርሳ ዛፍ ሥር እሳት አንድዳ ዳነች። በሃያ ስድስተኛው ቀን ምድጃ ከፈተች። መሬት ቆፍራ አንድ ክፍል ጎጆ ሠራች፤ በሩን በወፍራም ግንድ አበጀች፤ እሳቷን ለኮሰች። ከጭስ መውጫው በላይ ስሟ ታየ። በሠላሳኛው ቀን ሥጋ ማድረቅ ከፈተች፤ ያላት ሥጋ ግን ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር። በዚያ መሐል ሁለት ጊዜ ተነሥታ ለሁሉም ሻይ ቀድታለች፣ እስከ ስኒው ግማሽ።

ሌሎቹም ነጥባቸውን መልሰው ሞሉና ባሩዱን ከፈቱ። ድብ ገደሉ። ቱራርበክ ለክለቡ ደንበኞች ሥዕሉን ላከ።

አራተኛው እሑድ፣ ሠላሳ ሦስተኛው ቀን። ማዕበሉ መጣ። በቀይና ሰማያዊው ቤት ፊት ደጅ የነበረው እሳት ጠፋ፤ መልሰው ለኮሱት፤ ጠፋ። መጀመሪያ አይፔሪ ቀዘቀዘች።

"ሞትኩ" አለች። "ግን አምሬ ነው የሞትኩት። የበግ ቀንድ ለብሼ።" ከዚያ ወንበሯን ወደ ቤጊማይ አስጠግታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጄኔ፣ ማቅለሚያ መክፈት አልነበረብኝም" አለች።

"ተራሽ ነበር" አለቻት ቤጊማይ።

ቀጥሎ የታላይ ፈረስ ወደቀ። ታላይ በእግሩ እየተጎተተ የሚስቱ ጎጆ በር ላይ ደረሰ። በጨዋታው በሩን ይመታል፤ ከሁለት ክንድ ርቀት ደግሞ ተቀምጦ ያያታል።

"ክፈቺልኝ።"

"ሥጋው የአንድ ሰው ነው።"

"ባልሽ ነኝ እኮ።"

"ባለፈው እሑድ ሻይ እፍ ስትል የማን ባል ነበርክ?"

ታላይ ከንፈሩን ነከሰ። የጨዋታ ሰውዬው በሩን መምታት አቆመና በረዶው ላይ ተቀመጠ፤ ትንሽ ቆይቶ አንገቱን ደፋ። ቤጊማይ እያየችው ልቧ ታመመ። ንዴቷን ግን አላቀለላትም፤ እንዲያውም ይህን እንድታይ ስላደረጓት ባሰባት።

"ዞር በል" አለ ቱራርበክ። እሱም በሩ ላይ ደርሷል፤ ጠመንጃውን ይዟል። "ኬሊን፣ ቤቱ የቤተሰቡ ነው። ክፈቺ።"

ቤጊማይ እሳቷ ላይ ግንድ ጨመረች።

"በሰላም ነው የምለው!"

በሩ አልተከፈተም። ቱራርበክ ጠመንጃውን አነሣና በሩን ተኮሰ። ድምፁ በአራቱም ማሽን ስለወጣ አፓ ካሊፓ ደንግጠው ሱፉ ከእጃቸው ወደቀ። ደገመ። ግንዱ ተሰነጠቀ እንጂ አልተሰበረም።

"ባይኬ፣ ተው" አለ ታላይ።

"አንተ ዝም በል!"

"ተው አልኩህ። ሚስቴ ናት ውስጥ ያለችው።"

ሦስተኛውን ተኮሰ። ባሩዱ አለቀ። ከዚያ በኋላ በእጁ የቀረው እሱ ራሱ የሰደበው ዱላ ነበር። በሩን በሰደፉ ሲደበድብ፣ ሲሳደብ፣ የሰሌዳው ጠርዝ ነጭ ሆነ፤ ነጩ እየሰፋ ሄዶ ሁሉን ሸፈነው፤ እሱም ቀዝቅዞ ቀረ።

አፓ ካሊፓ ተነሥተው ከልጃቸው ኋላ ቆመዋል። "ቅድም የተኮስከው ማን ላይ ነው?" አሉ።

"ጨዋታ ነው፣ አፓ።"

"ማን ላይ ነው አልኩህ።"

ቱራርበክ የራሱን ማሽን አጠፋ።

ቤጊማይ ቀሪዎቹን ቀናት ብቻዋን ገፋች። በየቀኑ አንድ ቁራጭ ሥጋ፣ በየቀኑ ሁለት ግንድ። በተሰነጠቀው በር የሚገባውን ንፋስ በአሮጌ ቆዳ ደፈነችው። በአርባኛው ቀን ጠዋት በረዶው ቆመ፣ ሙዚቃ ተሰማ፣ ጽሑፍም ወጣ። እሳቱ ያልጠፋ ቤት፤ የቤጊማይ ምድጃ።

አይፔሪ አቅፋት ጮኸች። ታላይ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ።

ቱራርበክ ገመዶቹን መጠቅለል ጀምሯል። "ሽልማቱ ዞሮ ዞሮ ከቤት አልወጣም" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። "ክለቡ ውስጥ የመስኮቱን ጥግ አስለቅቃለሁ። ማሽኑ ሲላክ እኔ እቀበለዋለሁ፤ በክለቡ አድራሻ..."

ቤጊማይ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። የቱራርበክን ስኒ ወስዳ መቅዳት ጀመረች። ሻዩ የስኒውን ወገብ አለፈ፤ አይፔሪ አየችና ትንፋሿን ዋጠች። ቤጊማይ አላቆመችም። እስከ አፉ ሞላ፤ ጠርዙ ላይ አብጦ ቆመ። በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ሥርዓቱ ዝቅ ብላ፣ ፊቱ አስቀመጠችለት። አንዲት ጠብታ ወርዳ ጠረጴዛውን አረጠበች።

ቱራርበክ ስኒውን አየ። ለመሳቅ ሞከረ። "አፓ፣ ምራትዎ ሻይ መቅዳት ረሳች እንዴ?"

አፓ ካሊፓ ቀስ ብለው መጥተው ጎንበስ አሉና ስኒውን ተመለከቱ። ጣታቸውን በወገቡ ላይ አሳርፈው ወደ ላይ እስከ ጠርዙ ወሰዱት።

"አልረሳችም" አሉ። "ጠጣው፣ ሳይቀዘቅዝ። ማሽኑ በዚህ ቤት አድራሻ ይመጣል፣ በስሟ።"

ቱራርበክ ስኒውን አነሣና አንድ ጊዜ ፉት ብሎ፣ ምላሱን አቃጥሎት፣ ጃኬቱን ለበሰ።

መኪናው ከግቢ ሲወጣ ታላይ፣ "ነገ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ?" አለ።

ቤጊማይ ከበሩ ጥግ ተነሥታ ቱራርበክ ወደ ተወው ወንበር ሄደች። ምድጃው አጠገብ ነው፤ ይሞቃል። ተቀመጠች፣ ደብተሯንም ጉልበቷ ላይ ገለጠች።

"አንተም ሻይ ትፈልጋለህ?" አለችው።