እኔን ያልኩበት ቀን

በጥንድ የበረዶ ላይ ሸርተቴ አንድ ሕግ አለ፤ ተጣማሪህ ቢወድቅ አትቆምም። ሙዚቃው ይቀጥላል፣ አንተም ትቀጥላለህ፣ የወደቀው ተነሥቶ ይደርስብሃል። ይህን ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሳታውቂ ነው ብሎ የሚያጽናናኝ ሰው አልፈልግም።

አንደርስ ስድስት ዓመት ሙሉ ከራሱ በላይ ሲያነሣኝ የኖረ ተጣማሪዬ ነበር። ባለፈው ኅዳር፣ ለአገር አቀፉ ውድድር በሚያሳልፈው ማጣሪያ ላይ፣ ጎን ለጎን ዘለን ስናርፍ እግሩ ከዳውና በጎኑ ወደቀ። እኔም ቆምኩ። መቆም ብቻ መች ሆነ፣ ጎንበስ ብዬ ክንዱን ያዝኩና «እኔን» አልኩት። አማርኛ ለማያውቅ የሚኒሶታ ልጅ። እኛ ቤት ሰው እንቅፋት ሲመታው እንኳን ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ አፌ ቀደመኝ። እሱ ሂጂ፣ ሂጂ ይለኛል። በዚህ መሃል ከሙዚቃው ላይ እኔን ከራሱ በላይ የሚያነሣበት ቦታ አለፈን፣ ነጥቡም አብሮ ሄደ። በአንድ ደረጃ ተበልጠን ቀረን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስኔሊንግ ጎዳና ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሌላ ተጣማሪ ማግኘቱን ነገረኝ። በጨዋነት ነው የነገረኝ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

የብርዱን ወራት ብቻዬን ተለማመድኩ። የሁለት ሰው ትርዒት ለብቻ ሲሠራ ያስቃል፤ እጄን እዘረጋለሁ፣ የሚይዘው የለም። እሱ የሚያነሣኝ ቦታ ላይ ስደርስ እስከ ስምንት ቆጥሬ አልፋለሁ። በዚህ ስፖርት ሴቱ ብዙ፣ ወንዱ ጥቂት ነው። እስከ ሚያዝያ ሰው ካላገኘሁ በሃያ ሁለት ዓመቴ ጫማዬን መስቀሌ ነው።

በመጋቢት አንድ ልጅ ከሚሺጋን ለሙከራ መጣ። እናቴ ማሚት የሥራ ፈረቃዋን ቀይራ መጥታ፣ በባዶው ወንበር መሃል ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ትርዒቱን እንዳጋመስን ልጁ ወደቀ፤ ጉልበቱ ከበረዶው ሲጋጭ ሰማሁት። አፌ ሊከፈት ሲል ጥርሴን ነከስኩ። ዞር ብዬ አይቼው ቀጠልኩ። ከወንበሮቹ በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ፤ «እኔን፣ እኔን ልጄ!» ልጁ ተነሥቶ ደረሰብኝ፣ አነሣኝም።

አሠልጣኜ አጨበጨበች። እሱም ጉልበቱን እያሸ፣ ከእኔ ጋር መሥራት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ የምትነዳው እናቴ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን፣ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ልጁ ሲወድቅ አላየሽውም፣ አይደል?»

«አላየሁትም» አልኳት።

እፎይ ስትል ሰማኋት። እኔ ግን ቤታችን እስካለበት እስከ ሆፕኪንስ ድረስ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ብቻዬን ነበርኩ።