አመተ ማርያም ስትዞር

ቀለመወርቅ የእስቴ ሰዓሊ ነው፤ በአካባቢው ካሉት አድባራት እጁ ያልነካው ግድግዳ የለም። ጻድቅ ሲሥል ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን፤ ይሁዳንና አጋንንቱን ሲሥል ፊታቸውን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይን፤ የአባቶቹ ሥርዓት ነው። ቀለሙን የምትፈጭለት ሚስቱ የሻረግም ይህን ከሱ እኩል ታውቃለች።

ሰውዬውን ልቡን የሰረቀው አዲስ አበባ ነው። ለደብር ሥራ በሄደበት አንድ ፈረንጅ ፊልም አሳየው። ደግሞ ምን ዓይነት ፊልም! ሰው የለበት፣ ወሬ የለበት፤ መስመርና ቀለም ብቻ ሸራው ላይ ይዘላል። ካሜራ እንኳ አልተነካበትም፤ እፊልሙ ላይ በመርፌ ተጭሮ፣ በብሩሽ ተቀብቶ የተሠራ ነው። «ይኼማ የኔ ሥራ ነው!» አለ ቀለመወርቅ እያጨበጨበ። ደብሩን ጨርሶ አገሩ እንደመግባት፣ ያን ጥበብ ልማር ብሎ እዚያው ከረመ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ አንዲት ልጁን፣ አመተ ማርያምን፣ ኩፍኝ የወሰዳት። ሲደርስ ለቅሶው እንኳ አብቅቷል።

የሻረግ አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ይሻለው ነበር። ምግቡን ታቀርባለች፣ ቀለሙን ትፈጫለች፣ ቃል ግን አይወጣትም። ክረምት ከበጋ እንዲህ! ዝምታው ሊገድለው ደረሰ።

«አንድ ጊዜ የልጃችንን ፊት በዚያ ጥበብ ባሳያት ይቅር ትለኛለች» አለ፤ የዋህ! በጃንሆይ መንግሥት ላንድሮቨር እየዞረ የዝንብና የንጽሕና ፊልም የሚያሳየው ጸጋዬ የተበጣጠሰ ፊልም ሰጠው። በበረኪና አጥቦ አነጣውና ጥፍር በምታህል በየአንዳንዷ ቦታ ላይ ልጁን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ ደጋግሞ ሣላት። ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ እናቷ የጠራቻት ይመስል ቀስ ብላ ትዞራለች። ታዲያ ከጀርባ ወደ ፊት የሚዞር ሰው በጎን ሳያልፍ አይሆን! አንድ ዓይኗ ብቻ የሚታይበት ላይ ሲደርስ ብሩሹን አስቀመጠ። «እልፍ ብሎ ለሚሄድ ነገር ማን ልብ ይለዋል?» ብሎ ራሱን ሸነገለና ሣለው።

ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣ እከተማው፣ መካነ ኢየሱስ፣ የትምህርት ቤቱን አንድ ክፍል መስኮቱን በጋቢ ጋርደው አጨለሙት። የሻረግ በጎረቤት ልመና መጣች። ሞተሩ ተነሣ፣ ግድግዳው በራ፤ አመተ ማርያም ከነጋሜዋ ቆማለች።

«ልጄ!» አለች የሻረግ። ቀለመወርቅ ድምፅዋን ሲሰማ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ልጅቱ መዞር ጀመረች። ጆሮዋ፣ ጉንጯ፣ አንድ ዓይኗ።

«ኧረ በማርያም!» ብላ ጮኸች የሻረግ። «ልጄን ከነይሁዳ ደመራት! ኩነኔ አገባት!»

«ቆይ፣ ትዞራለች! አሁን ትዞራለች!» ቢል ማን ይስማው። ደረቷን እየደቃች ወደ ግድግዳው ስትሮጥ ጊዜ ደንግጦ «አቁመው!» አለ ጸጋዬን።

«አለቃ፣ ከቆመማ መብራቱ ያቃጥለዋል!»

አልሰማም። ራሱ ዘሎ ፊልሙ የሚዞርበትን ጎማ ጨምድዶ ያዘው።

ሥዕሉ አንድ ዓይኗ ላይ ቀጥ አለ። ከዚያችው ዓይን ቡናማ ነገር ፈልቶ ተነሣ፤ ጉንጯን በላው፣ ጋሜዋን በላው። ክፍሉ ጭስ ጭስ ሸተተ።

ሁለቱም ዓይኖቿ ያሉበት ቁራጭ ተርፏል፤ ጸጋዬ ቆርጦ በእጁ ሰጠው። የሻረግ ግን አላየችውም። እሷ ያየችው ልጇ በአንድ ዓይኗ እያየቻት ስትነድ ነው።