የሃያ ሊትር ጾም

የኔአለም ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ከጀርባዋ ሳታወርድ በሩን በክርኗ ገፋችው። ውስጥ ባሏ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ከቅዳሴ መልስ ለመጡት ለቄስ መልአኩ እያስረዱ ነበር።

«ቧንቧ ዳር ተቀምጦ ሁዳዴን መጾም ጾም አይደለም» አሉ መሪጌታ። «ሥጋ ካልተጎሳቆለ እምነት አይጠነክርም። እኛ እስከ ፋሲካ የምንጠጣው የምንጭ ውሃ ነው።»

እውነትም የግቢውን ቧንቧ እጀታ ነቅለው ኪሳቸው ከከተቱ ሃያ ቀን ሆኗቸዋል። «እኛ» ካሏቸው ሰዎች ግን እስካሁን ጀሪካን የነካችው አንዷ ብቻ ናት።

«ትልቅ ተጋድሎ ነው» አሉ ቄስ መልአኩ። «የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው።»

የኔአለም ጀሪካኑን አወረደች። ገመዱ ያሰመረው ትከሻዋ ነደዳት። ቅድም ምንጩ ላይ ልብስ ስታጥብ ያገኘቻት ጎረቤቷ ሀሊማ ያለቻት ትዝ አላት።

«እኛም እንጾማለን፣ የኔ እናት። ባሌ ሲጾም ግን የሚርበው ራሱን ነው። ጾሙ የሳቸው፣ ወገቡ ያንቺ ሲሆን፣ ወላሂ፣ ገና አሁን አየሁ።»

የኔአለም ስቃ አልፋት ነበር። ያልነገረቻት አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ዳገቱ ላይ አራት ጊዜ ታርፍ ነበር፤ ባረፈች ቁጥር ባሏን ትረግማለች። እርግማኑ ሲሰለቻት በፋንታው አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመረች። አሁን ጉልበቷ ጠንክሮ የምታርፈው አንዴ ነው፤ ጸሎቱን ግን ዛሬም አራቴ ትደግመዋለች። እዚያ ዳገት ላይ እግዜር ቀረብ ብሎ የሚሰማት ይመስላታል። መሪጌታ የራሳቸው አስመስለው ያስወሩት ይህንኑ የሷን ተጋድሎ ነው።

«ቄስ፣ እግርዎን ይታጠቡ እንጂ፣ ጭቃ ነው» አሉ መሪጌታ። ደጃፉ ላይ ጀሪካኑን አዘንብለው አፈሰሱላቸው። ግራውን፣ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። እኩሌታው ወደ ቦዩ ወረደ።

የኔአለም ውሃውን በዓይኗ ሸኘችው። ጥርሷን ነክሳ እንግዳው እስኪሄዱ ጠበቀች።

«መሪጌታ፣ ነገ ምንጭ የሚወርዱት አንቱ ነዎት።»

«በዚህ ወገቤ?»

«የኔም ወገብ ነው።»

«ዛሬ ምን ነካሽ? የተሳልኩት ለቤቱ ሁሉ ነው። በረከቱን ትካፈያለሽ።»

«ጀሪካኑንስ ማን ይካፈለኝ?»

መሪጌታ ኪሳቸውን ዳብሰው እጀታውን አወጡ።

«በቃ፣ ከከበደሽ ይከፈት። ሰው ቢጠይቀኝ ሚስቴን አቃታት እላለሁ።»

ፊቷ ደም መሰለ።

«ይመልሱት ወደ ኪስዎ። አልከበደኝም። የኔን ጾም አንቱ አያስፈቱኝም።»

በማግስቱ ማለዳ አምስት ሊትር የምትይዘውን የዘይት ጀሪካን አንጠልጥላ ተነሳች። ለአንድ ሰው ትበቃለች። ከመውጣቷ በፊት ባዶውን ሃያ ሊትር አመጣችና፣ ገመዱን ጠምጥማ፣ ደጃፉ ላይ ከመሪጌታ ጫማ አጠገብ አስቀመጠችው።