ቀስቱ አሥራ ሦስት ላይ

አምባዬ ባሕር አይቶ አያውቅም። ወሰን ሰፈር ካለው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ የሚያየው ውሃ ቢኖር ክረምት ሲገባ አስፋልቱን የሚሞላው ጎርፍ ነው። ይህ ግን ባሕር ላይ የሚበርሩ ጀልባዎችን ሞተር ከማዘጋጀት አላገደውም ነበር። ጅቡቲ ያሉ የፈጣን ጀልባ ባለቤቶች ሞተራቸውን በጭነት መኪና እያስጫኑ፣ ያን ሁሉ ዳገት አስወጥተው እሱ ዘንድ ይልኩ ነበር። «የአምባዬ ጆሮ አይሳሳትም» ይባል ነበርና። ሰው እንዲህ ሲባል ውሎ ሲያድር አንድ ቀን ማመኑ አይቀርም፤ አምባዬም አመነ። ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ነው።

ይህ ከቀረ ሰባት ዓመት ሆነው። አሁን የሚሠራው የሚኒባስ ፍሬንና ፍሪሲዮን ነው። በጋራዡ ጥግ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በጆንያ የተሸፈነ አንድ የብረት ዕቃ አለ። ሱፐርቻርጀር ነው። ሱፐርቻርጀር ማለት በቺንጋ እየዞረ፣ ሞተሩ በራሱ ሊስበው ከሚችለው በላይ አየር በግድ የሚያጎርስ ማሽን ነው። ሞተሩ ብዙ አየር ሲጎርስ ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ይኼኛው ከባሕር ተጎትቶ የወጣ ነው። ጨው በልቶት ውስጡ ተጣብቋል፤ በብረት ዘንግ ቢታገሉት እንኳ አይዞርም።

ሆኖም በየቀኑ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ አምባዬ ፉጨቱን ይሰማል። ቀጭን ፉጨት ነው፤ ቀስ ብሎ ይጀምርና ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ በድንገት ቁርጥ ይላል። እንጦጦ ወጥቶ ጠበል ተጠምቋል። ሐኪም ዘንድም ሄዶ ነበር፤ ሐኪሙ «ጆሮህ የልጅ ጆሮ ነው» ብሎ ቢያሞግሰው ይብሱን ፈራ። ከዚያ ወዲህ አራት ሰዓት ሲቃረብ ሥራውን ጥሎ ይወጣል።

ፌበን የመጣችው ሊወጣ ሲል ነው። ፌበን የሚሊዮን ልጅ ናት። ሚሊዮን ደግሞ የአምባዬ ሸሪክ ነበር። የድሮው ባሕር ኃይል መካኒክ ስለነበር፣ አምባዬ የገጠመውን ሞተር ባሕር ወርዶ የሚሞክረው እሱ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጀልባው ባለ በሌለ ፍጥነቱ ሲሄድ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ቀጥ አለ። ጀልባው ተሽከረከረና ተገለበጠ፤ ሚሊዮን በሕይወት አልወጣም። ሙት አይወቀስም ይባላል፤ ሚሊዮን ግን ተወቀሰ። የጀልባው ባለቤት «ሰክሮ ነው የነዳው» አለ፤ ሰፈሩም ተቀብሎ አወራው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ይህን የሰማው አምባዬ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። ሌላ ምንም አላደረገም።

«ጋሼ አምባዬ፣ ሥራ አገኘሁ» አለች ፌበን ጉንጩን ስማው ስታበቃ። «ጅቡቲ ነው። ባለሁለት ሞተር ጀልባ፣ አንዱ ሞተር ብቻ ሺህ የፈረስ ጉልበት። ሱፐርቻርጀሩን የምመርጠው እኔ ነኝ። ባሕር ላይ የምሞክረውም እኔው ነኝ።»

«ኧረ በማርያም! እናትሽ ታውቃለች?»

«እማዬማ ሰምታ አኩርፋለች።» ከቦርሳዋ ጠርዙን ጨው የበላው ደብተር አወጣች። አምባዬ የሚሊዮንን ጽሕፈት ከሩቅ ለየው። «የአባቴ ማስታወሻ ነው። ያኔ እርስዎ ትንሹን ሱፐርቻርጀር መርጠው፣ በፍጥነት እንዲዞር ቺንጋውን በትንሿ ፑሊ ላይ አስረውታል። ወሰን ላይ ሲሞከር የግፊቱ ጌጅ አሥር አሳየ፣ ሞተሩም በደንብ ቻለው ይላል። እኔም ያንኑ ልገጥም ነው። ምን ይሉኛል?»

መደርደሪያው ላይ ፉጨቱ ጀመረ። አምባዬ ወደ ጆንያው ላለማየት አንገቱን ሰበረ።

«ትልቁን ውሰጂ» አለ። «ትልቁ ቀስ ብሎ እየዞረም ይበቃዋል። ትንሹን ሲያሯሩጡት አየሩን ያግላል።»

«ትልቁ ይከብዳላ። ጌጁ አሥር ካለ ትንሹ ምን አጠፋ?»

መልሱን ያውቀዋል። መልሱ ግን ብቻውን የሚወጣ አልነበረም፤ አንዱን ጫፍ ቢስበው ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ፉጨቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ቁርጥ አለ።

«ተነሺ» አላት። «መኪና ውስጥ ግቢ።»

ከጋራዡ ጀርባ እሱና ሚሊዮን በወጣትነታቸው ሱፐርቻርጀር የገጠሙለት አሮጌ ፒካፕ አለ፤ ጌጁ ከመሪው አጠገብ ተሰክቷል። ወሰን ላይ መንገዱ ገላጣ ሲሆን ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠው። የጌጁ ቀስት አሥር ላይ ቆመ። «ቁጥሩን ያዥልኝ» አላት። ከዚያ በየካ አድርገው፣ የሚኒባሱን ትርምስ አልፈው፣ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ተያያዙት። ባሕር ዛፉ መሃል ደርሰው ብርዱ በመስኮት ሲገባ አምባዬ ነዳጁን እንደገና እስከ መጨረሻው ረገጠ። ቀስቱ ዘጠኝን አለፍ ብሎ ቀረ።

«ለምን ወረደ?» አለች።

«አየሩ ሳስቶ። ሱፐርቻርጀር የሚያጎርሰው ያገኘውን ነው። እዚህ ያለው አየር ከወሰኑ ይሳሳል፤ የወሰኑም ከባሕሩ ይሳሳል።»

«ባሕሩ ላይ ሲወርድስ?»

አምባዬ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«ከአሥራ ሦስት በላይ» አለ። «በዚያ ላይ የጅቡቲ ሙቀት አለ። ሞተሩ ይህን አይችልም፣ ፒስተኑ ይቀልጣል። አባትሽ አልሰከረም ልጄ። በዚያች ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከጀልባው ላይ ደወለልኝ። ‹አምባዬ፣ ቀስቱ አሥራ ሦስት አለፈ። ተመልሼ ፑሊውን ልቀይር?› አለኝ። እኔ ምን አልኩት? ‹ጌጁ ነው የሚዋሽህ፤ በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ፣ ግፋበት› አልኩት። ባሕር ያላየሁት ሰውዬ፣ ባሕር ላይ ላደገው ሰው! ከዚያ በለቅሶው ላይ ሰካራም ሲሉት ዝም አልኩ። ሰባት ዓመት ዝም አልኩ።»

ፌበን አላለቀሰችም። ደብተሩን ገልጣ የመጨረሻውን ገጽ ሰጠችው። ጽሕፈቱ በጀልባው መናወጥ ተንሻፏል። *አራት ሰዓት። ቀስቱ አሥራ ሦስት አለፈ። አምባዬን ጠየቅኩት፣ ግፋበት አለ። አምባዬ ካለ ልክ ነው።*

ሁለት ጊዜ አነበበው። የመጨረሻዋን መስመር ለሦስተኛ ጊዜ ማንበብ ግን አልቻለም።

«መቼ አየሽው?»

«ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ።»

«ታዲያ ትንሹን ልገጥም ያልሽው…»

«ትልቁን ከመረጥኩ ወር አልፎኛል ጋሼ። ለእኔም ዝም ይሉ እንደሆን ለማየት ነው የመጣሁት።»

አምባዬ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ አላባበለችውም።

«ለእማዬ ዛሬ ራስዎ ይነግሯታል» አለች በመጨረሻ። «የእድሯ ሰዎች ፊት ቀና ብላ አልተቀመጠችም፣ ሰባት ዓመት ሙሉ። ከዚያ አብረውኝ ባሕር ይወርዳሉ። ጌጁን እርስዎ ያነቡታል።»

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን በእጀታው ጠራርጎ ቁልፉን ያዘ። ገና ሳያዞረው፣ ከባሕር ዛፉ መሃል ያ ቀጭን ፉጨት መጣ። ጋራዡ ሩቅ ነው፤ ሰዓቱም አምስት ተኩል አልፏል። ዞር ሲል ፌበን ቀና ብላ ወደ ዛፎቹ ታያለች።

«አንቺም ይሰማሻል?»

«ከሞተ ጀምሮ» አለች። «ይንዱት፣ እማዬ ቤት ናት።»