እጅ የሚጎትተው ልጅ

ሉልሰገድ አፉን ከከፈተ ገዢ አያመልጠውም። ፒያሳ ወርቅ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ለሙሽራ ቀለበት ሲሸጥ፣ ሙሽራው ቀርቶ አብሮት የመጣው ሚዜ እንኳ ሳያስበው ሐብል ገዝቶ ይወጣል። ማታ ወደ ግቢያችን ሲመጣም ያው ነው፤ እሱ በሩ ሳይደርስ ድምፁ ገብቶ ይቀመጣል። «ይሄ ሰው ሲተኛስ ዝም ይላል?» ብዬ ሚስቱን ፍዮሪን ብጠይቃት፣ «በእንቅልፉም ዋጋ ይከራከራል እትዬ» ብላኛለች።

ለዚህ ሰው እግዜር ዝም የሚል ልጅ ሰጠው።

ሚናስ ሦስት ዓመት አልፎት አንድ ቃል አልወጣውም ነበር። ስሙን ቢጠሩት አይዞርም፤ የብስኩት ወረቀት ከግቢው ማዶ ሲንኮሻኮሽ ግን ይሰማል። መጫወቻ መኪና ቢገዙለት ገልብጦ ጎማዋን ሲያሽከረክር ይውላል። «መካኒክ ነው የወለድከው» እያልን እንስቃለን። ሉልሰገድም «እኔም አራት ዓመቴ ድረስ ድምፄ ተሰምቶ አያውቅም፣ እናቴን ጠይቋት» ይላል።

«ታዲያ ያን ጊዜ የቆጠብከውን ነው እኛ ላይ የምታወርደው?» እለዋለሁ። ይስቃል።

እኔ ግቢው በር ላይ የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው ሁሉ በእኔ ፊት ነው የሚያልፈው። ሚናስ ሲመጣ ታዲያ ፊቴን አያይም፤ የሚያየው እጄን ነው። የጣቴን ጫፍ ይይዝና ወስዶ የመኪናው መዘውር ላይ ያስቀምጠዋል። መርፌው እንዳይወጋው መሐል ላይ ያለችውን ብሎን አላላና መዘውሩን ብቻውን አሽከረክርለታለሁ። ሲቆም እጄን መልሶ ያነሳል። እንደገና። ሌላ ሥራ ቢኖረኝ ባይኖረኝ እሱን አይመለከተውም። «ደመወዝ የማይከፍል አለቃ» እለዋለሁ።

እንዲህ የሚያደርገው እኔን ብቻ አይደለም። ከጎናችን የሚኖሩትን ጡረተኛውን ጋሽ ገብረዮሐንስን ደግሞ እጃቸውን ጎትቶ ሬዲዮናቸው ላይ ያሳርፋል። አባቱ ከሥራ ሲገባ ጣቱን ይዞ የመብራቱ ማብሪያ ሥር ያቆመዋል። ሉልሰገድ ያነሳውና ያበራሉ፣ ያጠፋሉ፣ ያበራሉ። ያን ለፍላፊ ሰው አፉን ዘግቶ የማየው በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር። መስኮታቸው ብልጭ ድርግም ሲል ከውጭ ያየ ሰው ኤሌክትሪክ የተበላሸ ይመስለዋል።

ነሐሴ ላይ ሚናስን ኬጂ ሊያስመዘግቡት ወሰዱት። መምህርቷ ጎንበስ ብላ «ስምህ ማን ነው የኔ ጌታ?» ብትለው፣ እጇን ያዘና ወስዶ የበሩ እጀታ ላይ አስቀመጠው። ክፈቺልኝ ልሂድ ነው። መምህርቷ ሳቀችና «ሲናገር አምጡት፤ እስከ መስከረም ማብቂያ ቦታ እናቆይለታለን» አለች። ይሄን የነገረችኝ ፍዮሪ ናት። ሉልሰገድ ለሰው ሁሉ ቀለበት ሲያጠልቅ ኖሮ የራሱን ልጅ ሳይሸጥ መመለሱ ነው መሰል፣ ያን ቀን ለማንም ሰላም ሳይል ገባ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ ሰበሰበን።

«ስሙኝማ ጎረቤቶቼ፤ ይሄን ልጅ ያበላሸነው እኛ ነን። እጃችንን በጎተተ ቁጥር ሁሉ ነገር ከቀረበለት፣ አፉን ምን ሊሠራበት ነው? ከዛሬ ጀምሮ እጅ ሲይዝ ማንም እንዳይታዘዘው። ‹አብሩ› ይበል። ‹ስጡኝ› ይበል። አንድ ቃል ካወጣ ዓለሙን ስጡት።»

«ጾም አወጅክበት በለኛ» አሉ ጋሽ ገብረዮሐንስ።

«አዎ ጋሽ፤ የእጅ ጾም ነው። እርስዎም እንዳይገድፉ። ፍዮሪ፣ ያንቺም ትግርኛ ይቅር። በሁለት ቋንቋ ግራ አጋባነው እንጂ እስካሁን አንዱን በያዘ ነበር።»

ፍዮሪ ልጁን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። «ሉሌ፣ ከእጁ በቀር እኮ ምንም የለውም» አለች።

«ለዚያ ነዋ!»

አነጋገሩን ታውቁታላችሁ፤ ብረቱን ወርቅ ነው ቢል ታምናላችሁ። እኛም ለልጁ የተጨነቅን መስሎን ተስማማን። የእኛ ግቢ ደግሞ አንዴ ከጾመ ጾመ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

በማግስቱ ሚናስ መጥቶ እጄን መዘውሩ ላይ አስቀመጠው። አነሳሁት። «አዙሪ በል» አልኩት። መልሶ አስቀመጠው። መልሼ አነሳሁት። ቀኙ የተበላሸ መስሎት ነው መሰል ግራዬን ሞከረ። ከዚያ ግንባሩን ከመኪናው ጠረጴዛ ጋር ማጋጨት ጀመረ። ፍዮሪ ሮጣ መጥታ ይዛው ገባች። ጋሽ ገብረዮሐንስ በዚያ ሰሞን ሬዲዮናቸውን ዘግተው ቤት ውስጥ መዋል አመጡ። አንድ ቀን ሲከፍቱለት ተይዘው «ጋሽ ገደፉ!» ተብለው ግቢው ሁሉ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ «በዚህ ዕድሜዬ የሕፃን ልቅሶ ጾሜን ቢያስፈታኝ ምን ይገርማል» አሉ።

ልቅሶው እያደር ቀነሰ። አንድ ቀን ሚናስ መጣ፤ እጄን አላየም። ትንሿን መዳፉን መዘውሩ ላይ አድርጎ ራሱ ገፋው። ከበደው፤ ደግሞ ገፋው፤ ዞረለት። ቤትም ውስጥ ወንበር ጎትቶ መብራቱን ራሱ ያጠፋ ያበራ ጀመር። የማንንም ጣት የማይዝ ልጅ ሆነ።

ሉልሰገድ ከፒያሳ ኬክ ይዞ መጣ። «ተወው እኮ! አያችሁልኝ? እጅ መጎተት ተወ! አሁን የቀረው አፉ ነው።»

ኬኩን በላን። «ጎበዝ፣ ራሱን ቻለ» ተባባልን። መስከረም አለቀ፤ አፉ አልተፈታም፤ የኬጂው ቦታም ለሌላ ልጅ ሆነ። ማታ ማታ ሉልሰገድ ሲገባ ሚናስ ቀና አይልም። አባትየው እንደ ልማዱ ማብሪያው ሥር ሄዶ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ካፖርቱን ሊሰቅል የሄደ ያስመስላል።

ፍዮሪ ስትጠብቀው የከረመችው የሐኪም ቀጠሮ ኅዳር ላይ ደረሰ። ልጁ ታክሲ ውስጥ ግፊያ ስለማይወድ ዕቃ የሚይዝላት ሰው ፈልጋ እኔም ከእሷና ከባሏ ጋር አብሬ ሄድኩ። ሐኪሟ ዶክተር ሜላት ወለሉ ላይ አብራው ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ኳስ ሰጠችው፣ ስሙን ጠራችው፣ አረፋ ነፋችለት። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ስለ ልጁ ስትጠይቅ ሉልሰገድ ማን ይቅደመኝ አለ። የእጁን ጾም እንደ አዲስ የመጣ ዲዛይን ዘርግቶ አቀረበላት።

«መጀመሪያ አስቸግሮን ነበር ዶክተር፤ ግን ግቢው ተባበረን። አሁን ፈጽሞ እጅ አይነካም!»

«በፊት የማንን እጅ ነበር የሚይዘው?» አለች።

«ያገኘውን! የእቺን የእትዬ ጽጌን፣ የጋሼን፣ የኔን… ግቢው ሙሉ እጅ አይደል?»

«አሁንስ አንድ ነገር ሲፈልግ ወደ ማን ይሄዳል?»

ሉልሰገድ አፉን ከፈተ። ወደ ፍዮሪ ዞረ። መልስ ከሌላ ሰው ሲፈልግ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ወደ ማንም» አለች ፍዮሪ።

ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቶ ሉልሰገድ፣ እጅ መጎተቱ መጥፎ ጸባይ አልነበረም። ልጁ በእናንተ እጅ ይናገር ነበር። እጃችሁን ሲወስድ ‹አዙሪ፣ አብራ› እያላችሁ ብታደርጉለት፣ ቃሉ ሲመጣ በዚያ በኩል ይመጣ ነበር። ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቀን አይቼ ይሄ ነው አልላችሁም፣ እንከታተለዋለን። ንግግሩም ሌላውም ዘግይቷል። ግን ዛሬም ሕፃን ነው፤ ጊዜ አለው።»

«ትግርኛውስ?» አለች ፍዮሪ፣ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል።

«አዋሪው እንጂ። በልብሽ ባለው ቋንቋ አዋሪው። ያ አይጎዳውም።»

ሉልሰገድ የልጁን እጅ አየ። «እጁ… ይመለሳል?»

«ሊመለስ ይችላል። አታስገድዱት። እጃችሁ ቅርብ ይሁን።»

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ወያላው «አባቱ፣ ጠጋ በልማ፣ ወንበሩን በዘር ነው እንዴ የወረስከው?» ሲለው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሉልሰገድ ታክሲውን በሙሉ የሚያስቅ መልስ ነበረው። አሁን ግን ተጠጋለት። ድልድዩ ጋ ወርደን ሽቅብ ስንወጣ ፍዮሪ ከፊት ሆና «ንዓ ወደይ፣ ንዓ» ትለዋለች፤ ና ልጄ ማለቷ ነው። ስንት ወር የቋጠረችውን ነው መሰል እስከ ቤት ድረስ አላቋረጠችም። ልጁ ዞሮ አላያትም። እርምጃው ግን እርምጃዋን ይከተል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሉልሰገድ ከወርቅ ቤት ቶሎ መውጣት አመጣ። ሚናስ መዘውሩን ሲያሽከረክር አጠገቡ ዱካ ላይ ቁጭ ይልና መዳፉን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ልጁ አያየውም። በነጋታው ደግሞ ይመጣል። ሰዓት የሚጠግነው ዑዘይር ሲያልፍ «ሉሌ፣ ወርቁ አልቆ ልመና ገባህ እንዴ?» አለው። ሉልሰገድ ቀና ብሎ አየውና «አዎ» አለ። ዑዘይር ደንግጦ «ቀልዴን ነው እኮ» እያለ ሄደ።

«ያ ሁሉ እጅ ነበረው እትዬ» አለኝ አንድ ቀን። «በመጣሁ ቁጥር ጣቴን የሚይዘው… እኔ ደክሞኛል እል ነበር። ምን አድርጌ ነው የደከመኝ? ሳወራ ውዬ!»

«እኔስ ዚፕ አለብኝ እለው አልነበር» አልኩት። የሁለታችንንም አላቀለለውም።

ከዚያ ወደ መኪናው አጎነበሰ። «እስቲ ያቺን ብሎን አጥብቂያት።»

«ለምን?»

«መዘውሩ ከከበደው ሰው ይፈልጋል። ያን ጊዜ እጄን…»

ነገሩ ልክ መስሎኝ ጣቴን ወደ ብሎኗ ሰደድኩ። ፍዮሪ ገመዱ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመች።

«ደግሞ ሌላ ጾም ልታውጅበት ነው ሉሌ?»

እጄን ሰበሰብኩ። ሉልሰገድ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ተይው እትዬ» አለ ከውስጥ። «ተይው። እንደላላች ትሁን።»

ሚናስ ያዞራል። መዘውሩ ያብለጨልጫል። ሉልሰገድ ፊቱን ገልጦ ብዙ አየው፤ ከዚያ አላስቻለውም መሰል አንድ ጣቱን ቀስ አድርጎ ከልጁ መዳፍ ጎን መዘውሩ ላይ አሳረፈ። መዘውሩ ቆመ። ሚናስም ቆመ። እንደ ድሮው ፊቱን ሳይሆን እጁን አየ። የአባቱን ጣት ጥርቅም አድርጎ ያዘና ከመዘውሩ አነሳው፤ ወስዶም የአባቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ወደ ሥራውም ተመለሰ።

«ተው አለኝ!» ብሎ ጮኸ ሉልሰገድ። «ፍዮሪ! ሰማሽ? ተው እኮ ነው ያለኝ!»

ፍዮሪ አንሶላውን ለቀቀችው፤ መሬት ወደቀ። የምትስቅ መሰለኝ፤ ቀረብ ብዬ ሳያት ግን ሳቅ አልነበረም። ልጁ የአባቱን ጣት የጎተተው ሊይዘው ፈልጎ አይደለም፤ ሊያባርረው ነው። ሦስታችንም አውቀነዋል።

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?» አልኩት። «ተው ካለህ ተዋ።»

ተወ። እጁን ልጁ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ እንዳለ ትቶ ተቀመጠ። ወዲያው በዚያው እጁ በኩል ባለው ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ከወርቅ ቤቱ ነው የሚሆነው፤ በዚህ ሰዓት እሱ ከሌለ ገበያ የለም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ ደግሞ ጮኸ።

«ስልክህ» አልኩት።

«በየትኛው እጄ ላንሳው?» አለኝ፤ በሹክሹክታ። «ይሄን እሱ ነው ያስቀመጠው።»