ከነባርኔጣ

እናቴ እኔ በሌለሁበት ስሜን ሰጥታ መጣች። "የጉዞውን ዕቅድ ልጄ ሱልማ ታወጣዋለች፤ ጂኦግራፊ ተምራለች" ብላ በማኅበሩ ፊት ተናገረች። ማኅበሩ ማለት በኤል አልቶ ገበያ በውርጭ የደረቀ ድንች የሚሸጡ ሃያ ስምንት ሴቶች ናቸው። የማኅበሩን ሃያ አምስተኛ ዓመት አገራቸውን ቦሊቪያን ዞረው በማየት ሊያከብሩ ወስነዋል። ዶን ፋውስቲኖ የሚባል የጉዞ ወኪልም የራሱን ዕቅድ ያቀርባል፤ እሁድ በሚደረገው ስብሰባ ከሁለቱ አንዱ እጅ በማውጣት በድምፅ ብልጫ ይመረጣል። የእኔ ከወደቀ እናቴ ከእነዚያው ሴቶች መካከል በየማለዳው አንገቷን ደፍታ ልትቀመጥ ነው።

እኔ ደግሞ በሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል። ዩኒቨርሲቲውንም የጨረስኩት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነው።

ወረቀት ላይ ግን አልፈራም። መጀመሪያ ኦሩሮ፣ ቀጥሎ የኡዩኒ የጨው ሜዳ፣ ከዚያ ፖቶሲ፣ ከዚያ ወደ ሱክሬ መውረድ፣ በመጨረሻ ሳንታ ክሩዝ። ሌላው ዓለም አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ወደምንኖረው ወደ እኛ ሲመጣ ዳገቱን ይፈራል፤ እኛን የሚያስፈራን ቁልቁለቱ ነው። የቆላው ሙቀት እግራቸውን እንዳያሳብጠው ብዬ ከሳንታ ክሩዝ በፊት ሱክሬ ላይ ሁለት ሌሊት አሳደርኳቸው። እሁድ ጠዋትን ደግሞ ለሱክሬ አደባባይ ሰጠሁት። አያቴ በልጅነቷ እዚያ ከተማ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። እንደ እናቴና እንደ ማኅበሩ ሴቶች ሰፊ ቀሚስና ባርኔጣ ያደረገች ሴት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ካዩ ያስነሷት እንደነበር ስትናገር ሰምቻለሁ። ስለዚህ "አደባባዩ ላይ መቀመጥ፣ አይስክሬም መብላት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል" ብዬ ጻፍኩ። አስጎብኚ አላስገባሁም።

ሐሙስ ዕለት ከመረጥኳቸው ሚኒባሶች አንዱን ላሳያት እናቴን ይዣት ሄድኩ። አዲስ ነው፤ ወንበሩ ገና ላስቲኩ አልተነሳለትም። ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና ስትቀመጥ የባርኔጣዋ አናት ጣሪያውን ነካና ጎበጠ። አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። በመስኮት ወደ ውጭ እያየች፦

"ጥሩ ነው" አለችኝ።

የእያንዳንዱን ከተማ ከፍታ በሜትር አውቅ ነበር። እናቴን ግን አልለካኋትም።

በማግስቱ የእናቴን የአዘቦት ባርኔጣ አናቴ ላይ አድርጌ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ፣ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ግቢ ወረድኩ። የለበስኩት ጂንስ ሱሪ ነው። ሾፌሮቹ ሲያዩኝ ሥራቸውን አቆሙ።

"ኧረ ኑ እዩ! ከላይ እናትየዋ፣ ከታች ተማሪዋ!"

"እህት፣ ቀሚሱን የት ጣልሽው?"

"ተዋት፣ በቁራጭ እየገዛች ነው!"

ፊቴ ነደደ። አንዱ መኪና ውስጥ ገባሁ፤ ተቀመጥኩ፤ ለካሁ፤ ወረድኩ። ወደሚቀጥለው ሄድኩ። ዐሥራ አንደኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ሾፌር፣ ዶን ካሊስቶ፣ አሮጌ አውቶብሱን ሲያጥብ አገኘሁት።

"ምንድን ነው የምትለኪው፣ ልጄ?"

"እናቴን" አልኩት። "ከነባርኔጣዋ።"

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "የኔ ሚስት እዚህ ውስጥ ከነባርኔጣዋ ታንኮራፋለች። ግቢና ለኪ።"

እሁድ ዶን ፋውስቲኖ ግድግዳው ላይ ፎቶ እያበራ ጀመረ። ፎቶዎቹ ያምሩ ነበር። ሴቶቹ በትናንሽ ጂፖች ተከፋፍለው ነው የሚሄዱት። ከማኅበሩ ሁሉ ረጅሟና ምላሰኛዋ ዶኛ ሳቱርኒና እጇን አነሳች።

"ባርኔጣችንስ?"

"በካርቶን ተደርጎ ከሻንጣ ጋር ይጫናል፣ እመቤቴ። እንዲያውም ጨው ሜዳው ላይ ሱሪ ብትለብሱ ይመቻችኋል፤ ፎቶውም ያምራል።"

ዶኛ ሳቱርኒና ከወንበሯ ተነሳች።

"አንተ መጀመሪያ ሱሪህን በካርቶን አድርገህ ና፣" አለችው ዶኛ ሳቱርኒና፣ "ያኔ እንነጋገራለን።"

ሳቁ ጋብ ሲል ተራው የእኔ ሆነ። ዐሥር ገጽ ጽፌያለሁ። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ፤ እኔ ራሴም አልሰማሁትም።

"ጮክ በይ!" አለች አንዷ ከኋላ። "እኛ ድንች የምንሸጠው በሹክሹክታ ነው እንዴ?"

"ወይዘሪት ጂኦግራፊ፣ አፍሽን ዩኒቨርሲቲ ረስተሽው መጣሽ?"

እናቴ ጉልበቷን ታያለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"አውቶብሱ ውጭ ቆሟል" አልኩ። "ኑና ተቀመጡበት።"

ንግግሬ ይኸው ነበር። እየተጋፉ ወጡ። ዶን ካሊስቶ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ዶኛ ሳቱርኒና ቀደመች፤ ያ ሁሉ ድርብርብ ቀሚስ ሳይሰበሰብ በበሩ አለፈ። መሃል ወንበር ላይ ተቀመጠችና አንገቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛወዘች። ሌሎቹም ተከተሏት።

"ቆሞማ ሁሉም መኪና ጥሩ ነው" አለች ዶኛ ሳቱርኒና። "ንዳው!"

ዶን ካሊስቶ ገበያውን አንድ ጊዜ ዞረ። የዱቄት ተራ ጥግ ላይ ያለውን ጉድጓድ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ገባበት። ሃያ ስምንት ባርኔጣ በአንድ ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። አንዱም ጣሪያ አልነካም።

ዶኛ ሳቱርኒና እጇን ከራሷ በላይ ሰደደች። "ሁለት ጣት ይተርፋል!"

"ሦስት ተኩል ነው" አልኩ ከፊት። "ለክቼዋለሁ።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ተሰምቻለሁ።

ድምፁ እዚያው አውቶብሱ ውስጥ ተሰጠ። ሃያ ሰባት እጅ ተነሳ። እናቴ ብቻ እጇን አላነሳችም፤ ለልጄ ድምፅ ብሰጥ ነገ ያሙኛል ብላ ነው። ግን መስኮቱን ከፈተችና ምንም ላልጠየቃት ሽንኩርት ሻጭ "ልጄ ናት የለካችው!" አለችው። ባርኔጣዋ አናቷ ላይ ቀጥ ብሏል።

ከታች አንዷ ቢራ ከፍታ፣ እንደ ልማዳችን ጉዞው እንዲባረክ "ለምድር እናት" እያለች ቢራውን ጎማዎቹ ላይ መርጨት ጀምራለች። ዶኛ ሳቱርኒና ወረቀቴን ከአዳራሹ አስመጥታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ቆየች። ሱክሬ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"አደባባዩ ላይ ለስንት ሰዓት ነው የምንቀመጠው?"

"አንድ ሰዓት።"

"ሁለት አድርጊው" አለችኝ።

እስክሪብቶዬን አወጣሁ።