ለፎቶ ያረፈች እጅ

ኢግናትስ ትራክስልን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮም ወድጄው አላውቅም። የሌላውን ልጅ ጥፋት ለመምህሯ ሹክ ይልና፣ ልጁ ሲቀጣ ደግሞ ትከሻውን አቅፎ ያጽናናው ነበር። እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ ወይ ቄስ ይሆናል ወይ የምክር ቤት አባል ብዬ አስብ ነበር። ቄስነቱ አልሆነም፤ ጾም አይችልም።

አባቱ የግብር አማካሪ ነበሩ። ቤታቸው ላም ገብታ አታውቅም። ኢግናትስ ግን በጉርምስናው የፓርቲው ወጣቶች ክንፍ ውስጥ ሲገባ የገበሬውን የባህል ልብስ፣ አዲስ የቆዳ ቁምጣ ገዛ፤ ያረጀ እንዲመስልም በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ይህን የነገሩኝ የገዛ እናቱ ናቸው፣ እየኮሩ። ከዚያ የሽማግሌውን የምክር ቤት አባል ቦርሳ ተሸክሞ ዞረ። ሽማግሌው ሲሞቱ ከሬሳቸው ፊት ከሁሉም ረጅሙን ንግግር አደረገና ወንበራቸውን ወረሰ። ሙኒክ ምክር ቤት ገብቶ ሠላሳ ዓመት ተቀመጠ። አንዴ ሚኒስትር ዴኤታ አድርገውት ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ታጠፈ፣ የናፈቀውም ሰው የለም። ለእኛ ያመጣልን ነገር ቢኖር ጎረቤታችን ዊንክል መንደር መግቢያ ላይ ያለችው መኪና የሚዞርባት አደባባይ ናት። የእሷንም ሪባን ሁለት ጊዜ ቆርጧል፣ ሲጀመርና ሲያልቅ።

እውነተኛ ሥራው እጅ መጨበጥ ነበር። እሑድ ቅዳሴ አይገባም፤ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቆምና የሚወጣውን ሁሉ ይጨብጣል፤ የታመመ ይጠይቃል፣ የሕፃን ጉንጭ ይቆነጥጣል። ቤቱ ውስጥ እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚናገረው። ማይክራፎን ሲያይ ግን የገጠሩ አነጋገር ይመጣበታል፣ ምርጫ ሲቀርብማ አያቶቻችን እንኳ ቃሉን እንደዚያ አይጎትቱም ነበር። በየዓመቱ በሜይ አንድ በዓል የመንደሩን ምሰሶ ስናቆም ያችኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላታል፤ «ወጉን የሚያውቅ ሕዝብ ፖሊስ አያሻውም።» እኛም እናጨበጭባለን። ቢራው የሚቀዳው ከንግግሩ በኋላ ነዋ።

እኔ ቡርጊ እባላለሁ። ኦበርሮይት በምትባለው መንደራችን ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት የእኔ ነው፤ ፓርቲው ለምክር ቤት የሚልከውን እጩ የሚመርጠውም በእኔ አዳራሽ ነው። ድሮ ይህ ምርጫ ከእራቱ ያነሰ ጊዜ ነበር የሚወስደው። አንጋፋው ኮርቢኒያን ይነሳና «ኢግናትስ» ይላል፣ ሁሉም እጁን ያወጣል፣ ሾርባው ይቀርባል። ያን ጸደይ ግን ሮስቪታ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ልትፎካከረው ተነሳች፣ ሰዉም ንግግሯን ሰምቶ ወደዳት። ምርጫው ከምሰሶው በዓል በኋላ ባለው ዓርብ ነበር። ኢግናትስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ከዚያ ወንበር ቢነሳ ምን ሠርቶ እንደሚያድር እሱም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም።

ኮርቢኒያን የፓርቲውም የመንደሩም አንጋፋ ነው፤ ምሰሶውን በየዓመቱ የሚያሠራውም እሱ ነው። አንድ ረጅም ጥድ ይቆረጣል፣ ይላጣል፣ ይለሰልሳል፣ ነጭና ሰማያዊ ይቀባል። እስኪቆም ድረስ በኮርቢኒያን ጎተራ ይተኛል፤ ተራ ገብተንም እንጠብቀዋለን። ጎረቤት ከሰረቀው ነውር የለበትም፣ መስረቁም ወግ ነው። ጠባቂው አንዲት እጁን ግንዱ ላይ ካሳረፈ ሌቦቹ ኮፍያቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ከመንደሩ ወሰን ካሳለፉት ግን የእነሱ ነው፤ ባለቤቶቹ በቢራና በጥብስ ያስመልሱታል፣ አብረው በልተው ጠጥተው ይሸኙታል። ፖሊስ አይጠራም። ይህን እኛ ዘንድ አፉን ያልፈታ ሕፃን ያውቀዋል።

ከበዓሉ በፊት በነበረው እሑድ ኢግናትስ መጥቶ ለኮርቢኒያን እናንተ ቅዳሴ ግቡ፣ ዛሬ እኔ እጠብቃለሁ አለው። ብቻውን አልነበረም፤ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ይዟል። ኮርቢኒያን ልቡ ተነካ፣ የዋህ ሽማግሌ ነው። እኔ ከጎተራው በር ላይ ቆሜ አየሁት። የተፈተገች ቁምጣውን ለብሶ ግንዱ አጠገብ ተንበረከከ፣ እጁን ጥጃ ጀርባ ላይ እንደሚያሳርፍ ሰው አሳረፈበት፣ አገጩን ቀና አደረገ። ፎቶ አንሺው ጨርሶ ሄደ። እኔም ደወሉ ጠርቶኝ ቅዳሴ ገባሁ።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ በሩ ላይ ማን ቆሟል? እሱው ነው። የማጠቃለያው ደወል ሲሰማ እግሩ ራሱ አምጥቶታል፤ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው። ሁሉንም ጨበጠ። እኔንም ጨብጦ ዛሬ ጥብሱ የምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ እጁ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳና እርጥብ ናት። ኮርቢኒያን የወጣው መጨረሻ ላይ ነበር። የተዘረጋችውን እጅ አየና ቆመ።

«ኢግናትስ፣ ማን ይጠብቀዋል ታዲያ?»

«ምኑን?» አለ ኢግናትስ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ።

ጎተራው ባዶ ነበር። የትራክተር ጎማ ያረፈበት ጭቃ ወደ ዊንክል መንገድ ይወስዳል። እዚያው ቆመን ሳቅን፣ እውነቴን ነው፤ ኮርቢኒያን ራሱ እየሳቀ ለዊንክሎች ቢራ አዘጋጂ ብሎኛል። ኢግናትስም አብሮን ስቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እንዲያውም ሰው ሆኖ ይታየን ነበር። እሱ ግን የነገው ጋዜጣና ሮስቪታ ታዩት መሰለኝ ከጎተራው ጀርባ ዞሮ ስልክ ደወለ። ምን እንዳደረገ ያወቅነው የፖሊስ መኪና መጥቶ ሲቆም ነው።

ከመኪናው የወረደው ሃይንድል ነው፤ ዊንክል ተወልዶ ያደገ፣ በልጅነቱ ምሰሶ ሰርቆ የሚያውቅ ፖሊስ። ኢግናትስ ፊታቸውን የሸፈኑ አራት ሰዎች ገፍትረው መሬት ላይ ጣሉኝ አለው። ቁምጣው ላይ የጭቃ ጠብታ የለም።

«መቼ ነው የጣሉዎት፣ አቶ ትራክስል?»

«የቅዳሴው መጨረሻ ደወል ሲደወል።»

ሃይንድል ዞሮ እኛን አየን። ምእመኑ ሁሉ እዚያው ነው፣ ያ ደወል ሲደወል በዚህ ሰው እጁን ያልተጨበጠ አንድም የለም። ነውሩ ከባድ ስለነበር ዓይናችንን መሬት ላይ ጣልን። የሚገርመው እሱ ውሸቱ እንደተነቃበት እንኳ አልገባውም። እኛን መጨበጡን ረስቶታል፤ ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሲጨብጠን አያየንም ነበር።

«ክስ ልጻፍ ነው የሚሉኝ?» አለ ሃይንድል ቀስ ብሎ።

«ይጻፉ» አለ ኢግናትስ፣ በጠራው የዜና አንባቢ አነጋገር።

ዊንክሎች ምሰሶውን ከእሳት አደጋ ጣቢያቸው ጀርባ አጋድመው፣ ጠረጴዛ ዘርግተው እኛን እየጠበቁ ነበር። ሃይንድል ሲመጣ የደንብ ልብሱ የቀልዱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡለት። ወረቀቱን ሲያወጣ ግን ጭብጨባው ቆመ። ኮርቢኒያን ይቅርታ ሊጠይቅ በእግሩ ሄደ። የዊንክሎች አለቃ ዳቦ ጋጋሪው ሰቬሪን በክብር ተቀብሎት፣ ወንበር ስቦለት እንዲህ አለው፤ «ኮርቢኒያን፣ ለአንተ ቢሆን በራሳችን ትከሻ አምጥተን በመለስንልህ። ግን ፖሊስ የመጣበትን ምሰሶ በቢራ አንለውጥም።» ዐቃቤ ሕጉ በኋላ ፋይሉን አንብቦ ዘግቶታል፤ ምሰሶው ግን አልተመለሰም።

ሰኞ ጋዜጣው ወጣ። ኢግናትስ፣ ግንዱ፣ እጁ፣ ከሥሩም «የወጋችን ዘብ» የሚል ጽሑፍ። ያን ጋዜጣ ያልሰቀለ ሱቅ በወረዳው አልነበረም።

በበዓሉ ቀን መንደራችን መሃል ምሰሶው ሊቆምበት የተቆፈረው ጉድጓድ ብቻ ቀረ። የሙዚቃ ባንዱ ጉድጓዱን ከቦ ተጫወተ፣ ልጆች የጠርሙስ ክዳን ጣሉበት፣ ኮርቢኒያን ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አንጀቴን በላው። ኢግናትስ በሙኒክ አስቸኳይ ሥራ ይዞኛል ብሎ ሰላምታ ላከ። ሜይ አንድ እኮ ሙኒክ ውስጥ ዳቦ ቤት እንኳ ዝግ ነው።

ዓርብ አዳራሼ ሞላ። ኢግናትስ ስለ ሀገር፣ ስለ እምነት፣ ስለ ወግ ተናገረ፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ምሰሶውን አላነሳውም። ሰብሳቢው እንደ ወጉ ማን ይጠቁማል ብሎ ወደ ኮርቢኒያን አየ፣ እኛም አየን። ኮርቢኒያን አልተነሳም። ኢግናትስ ከመድረክ ወረደ፣ በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፎ ሄደና ያችን እጁን ዘረጋለት። ፊቱ ላይ ያ የበር ላይ ፈገግታ ነበር።

ኮርቢኒያን እጁን ትክ ብሎ አያት። «ለፎቶው አሳርፈሃት ነበር» አለው። «እዚያው ብትተዋት ኖሮ በቂ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ «ሮስቪታ» አለ። እጆች ወጡ። ኢግናትስ እጁን እንደ ዘረጋ ቆሞ ቀረ፣ የት እንደሚያደርጋት የጠፋው ይመስል ነበር። እኔ ሾርባውን አቀረብኩ፤ ለእሱም ቀዳሁለት፣ አልጠጣውም። አላዘንኩለትም።

ዊንክሎች ምሰሶውን አቆሙት። የት ቢባል፣ እሱ ሁለቴ ሪባን በቆረጠባት አደባባይ መካከል። ጫፉ ላይ ከሩቅ የሚታይ ሰሌዳ ሰቅለው የተዘረጋች እጅ ሥለውበታል፤ ከሥሯም «ወጉን የሚያውቅ ሕዝብ ፖሊስ አያሻውም፦ ኢግናትስ ትራክስል» ብለው ጽፈዋል። እሱ አሁን ከተማ ሲወርድ በጫካው መንገድ ይዞራል አሉ። እኔ ግን በየሳምንቱ ዓሣ ልገዛ በዚያ አልፋለሁ፤ አንዴ መዞር ሲበቃኝ አደባባይዋን ሁለቴ እዞራታለሁ።